ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት

በዚህ እትም ላይ ብዕሬን ያነሳሁት ስለ አንድ ድምፅ ነው። መኪና ሲሄድ ከወለሉ ሥር የሚመጣ፣ ቀጭን፣ ጆሮ የሚበላ ፉጨት። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስምም አውጥተንለታል፤ "ካምቢዮው ይጮኻል" እንላለን። ይህን ስንል ግን አብዛኛውን ጊዜ እየገመትን ነው። እኛ የአውቶሞቲቭ ተማሪዎች ካምቢዮ አውርደን መግጠም ተምረናል፤ የሚያፏጨው እሱ መሆኑን ማረጋገጥ ግን በቅጡ አልተማርንም። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ አንዲት የቆየች ቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ አለችው፤ ታክሲ ናት። የቤቱ አስቤዛም የልጆቹም ትምህርት ቤት ክፍያ ከእሷ ነው የሚወጣው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዳ ማፏጨት ጀመረች። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ጥቂት ነዳትና ተመልሶ "ካምቢዮው አልቋል" አለ። አጎቴም ወደ እኔ ዞሮ "አንተ ተማሪ አይደለህ እንዴ? ምን ትላለህ?" አለኝ። ሳልነዳት፣ ጎንበስ ብዬ ሥሯን እንኳ ሳላይ፣ "አዎ ጋሼ፣ ካምቢዮ ነው" አልኩት። የኮሌጁን ቱታ ለብሼ ነበር። በዚያ ቱታ "አላውቅም" ማለት አሳፈረኝ።

ካምቢዮው ወረደ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ተገዝቶ ተገጠመ። ሚኒባሷ ዘጠኝ ቀን ቆመች፤ ረዳቱ ሌላ መኪና ላይ ገባ፤ አጎቴ የሳምንቱን ዕቁብ ተበድሮ ጣለ። በአሥረኛው ቀን ስትወጣ ፉጨቱ እዚያው ነበር፤ ያው ቃና፣ ያው ፍጥነት ላይ።

በመጨረሻ የሰፈራችን ሰው የሆኑ፣ ሥራ ያቆሙ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ተለመኑና ጋቢና ገብተው ተቀመጡ። መፍቻ አልያዙም። ቀለበት መንገድ ላይ ስንወጣ አጎቴን "በአራተኛ ማርሽ ስድሳ አድርስና ያዝ" አሉት። ፉጨቱ መጣ። "አሁን አምስተኛ አስገባ፤ ፍጥነትህን ግን እንዳትቀይር።" የሞተሩ ድምፅ ወረደ፤ ፉጨቱ ግን ንቅንቅ አላለም። "ነዳጁን ልቀቅ።" ሲለቅ ፉጨቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። ሲረግጥ ተመለሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ስማ ልጄ፣ ይኼ የኋላው ነው" አሉኝ። ዲፈረንሻሉን ማለታቸው ነበር።

ስንመለስ መኪናዋ በክሪክ ተነሳች፤ የኋላ ጎማዎቿ አየር ላይ እንዲዞሩ ተደረገ፤ ሽማግሌው ረጅም ካቻቢቴ አስመጥተው ጫፉን የካምቢዮው የኋላ ኩሽኔታ ባለበት፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ቀጥሎ ዲፈረንሻሉ ላይ። ለእኔም ሰጡኝ። ልዩነቱን ለመስማት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ አንደኛው ዝም ያለ ዙረት፣ ሌላው ጩኸት። የመሙያው ብሎን ሲፈታ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው ከንፈር መድረስ ሲገባው ጣት ሲሰደድ ምንም አልነካም። በፒኞኑ በኩል ያለው የዘይት መያዣ ጎማ ተበልቶ ለብዙ ወራት ሲንጠባጠብ ኖሯል። የኋላው ጥርስ ያለ ዘይት ሲፋጭ እኛ የፊቱን ካምቢዮ ለወጥን።

የሽማግሌው ሦስት ትእዛዞች እንዴት ያለ ስሌት እንደነበራቸው የገባኝ ቆይቶ ነው። በዚያች መኪና አራተኛ ማርሽ ቀጥታ ነው፤ ሬሾው አንድ ለአንድ። ኃይሉ ከመግቢያው ዘንግ ወደ መውጫው ዘንግ ሳይዞር ያልፋል፤ የታችኛው ዘንግ ጥርሶች ይሽከረከራሉ እንጂ ሸክም አይሸከሙም። ያፏጨው የካምቢዮ ጥርስ ቢሆን ኖሮ አራተኛ ላይ መድከም ነበረበት። አምስተኛ ሲገባ ደግሞ የሞተሩ ዙር ይቀንሳል፤ የጎማውና የዲፈረንሻሉ ዙር ግን አይነካም። ፉጨቱ ቃናውን ካልቀየረ የሚከተለው ጎማውን ነው ማለት ነው። ነዳጅ ሲለቀቅ የዲፈረንሻሉ ጥርሶች የሚገፋፉበት ጎን ይገለበጣል፤ አንዱ ጎን የተበላ ጥርስ እዚያ ላይ ድምፁን ይለውጣል።

በሒሳብም ይታያል። የጥርስ ፉጨት ቃና የጥርሱ ቁጥር በሰከንድ ዙር ሲባዛ ነው። ባለ 10 ጥርስ ፒኞን በደቂቃ 2400 ጊዜ ቢዞር በሰከንድ 40 ዙር ነው፤ ስለዚህ 400 ሄርዝ፣ ከነብዜቶቹ 800 እና 1200 ሄርዝ ይሰማል። ዛሬ ይህን የሚለካ መተግበሪያ በየሞባይሉ ላይ መጫን ይቻላል። የትኛው ጥርስ እንደሚጮኽ በወረቀትና በስልክ መገመት የምንችልበት ዘመን ላይ ሆነን አሁንም መጀመሪያ የምናነሳው መፍቻ ነው።

እርግጥ ብዙ ጊዜ እውነትም ካምቢዮው ይሆናል። መኪናዋ ቆማ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ማርሹ ኒውትራል ላይ ሆኖ የሚያፏጭ ከሆነና ፍሪሲዮን ሲረገጥ ጸጥ ካለ፣ የመግቢያው ዘንግ ወይም የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ይጠረጠራል፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥ እነሱ ይቆማሉና። ነገሩ ተገልብጦ ሲረገጥ የሚጀምር ከሆነ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ነው። መሪ ሲዞር የሚብስ ከሆነ የመሪውን ፖምፓና ዘይቱን ማየት ነው፤ ካምቢዮው ምን አጠፋ? የኋላ ማርሽ ላይ ብቻ ከሆነማ ብዙ መኪና ላይ ጤነኛ ድምፅ ነው፤ ጥርሱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ስለሆነ ያፏጫል። ይህ ሁሉ ሲደመር ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ብርም አያስወጣም።

ታዲያ ለምን አናደርገውም? እኔ እንደሚመስለኝ ስለማያስመዝን ነው። የተግባር ፈተናችን ላይ ነጥብ የሚሰጠው ለመፍታት፣ ለመለካት፣ መልሶ ለመግጠም ነው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ካምቢዮ ደግሞ አይጮኽም። ሦስት ዓመት ስንማር በራሷ ሞተር የምትሄድ፣ ሕመሟ ያልተነገረን መኪና ላይ ተቀምጠን "ምኗን ነው ያመማት?" ተብለን አናውቅም።

ይህን ለአንድ መምህሬ ሳነሳ ሁለት መልስ ሰጡኝ። አንደኛው የነዳጁና የአደጋው ጉዳይ ነው፤ እውነት ነው፣ ግን መኪና በክሪክ አንስቶ ግቢ ውስጥ ማስደመጥም ይቻላል። ሁለተኛው የበለጠ አሳሰበኝ። "ደንበኛ የተለወጠ ዕቃ ካላየ አይከፍልም፤ ለመስማት ማን ይከፍልሃል?" አሉኝ። ገበያው እንዲህ መሆኑን አልክድም። አጎቴ ግን ለዚያ ካምቢዮ ከከፈለው እሩቡን ሩብ ሰዓት ላዳመጠ ሰው ደስ ብሎት ይከፍል ነበር። ደንበኛው ለመስማት የማይከፍለው የሚሰማ ሰው ስላላሳየነው ይሆናል።

"አሁንማ ሁሉም በስካነር ነው" የሚሉ ጓደኞችም አሉኝ። ስካነር ሴንሰር ያለበትን ያነባል፤ ያለቀ ዘይትና የተበላ ፒኞን በዚያች ሚኒባስ ላይ ምንም ኮድ አያስነሱም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪኖች በየመንገዱ ናቸው። እነሱም ዙር የሚቀንስ ማርሽና ኩሽኔታ አላቸው፤ ፉጨቱን የሚሸፍን የሞተር ጩኸት ግን የላቸውም። ባለቤቱ ከእኛ ቀድሞ ሰምቶ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ዲፓርትመንታችንን የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በእያንዳንዱ የተግባር ፈተና ተማሪው መፍቻ ከመንካቱ በፊት የሰማውን፣ መቼ እንደሰማውና ምን እንደጠረጠረ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ለዚያም ነጥብ ይሰጠው። ጥርጣሬው ስህተት ቢሆን እንኳ ወረቀት ላይ መሳሳት ከሰው መኪና ላይ መሳሳት ይሻላል።

የአጎቴ የድሮ ካምቢዮ አጥራችን ሥር ቆርቆሮ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። በክረምቱ እረፍት ፈታሁት። ኩሽኔታዎቹን በእጄ አዞርኳቸው፤ ጥርሶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ አንድም የተበላ የለም። መልሼ ገጥሜዋለሁ። አጎቴም ለመማሪያ እንዲሆን ፈቅዷል፤ ዲፓርትመንቱ የሚያነሳበት መኪና ከላከልን ከነገ ጀምሮ መውሰድ ይችላል።