ቋሚ ጉዳት፣ ጊዜያዊ ወረቀት

ሁለት የቀድሞ የአሜሪካ ወታደሮችን እናስብ። ሁለቱም በአገልግሎት ላይ በደረሰባቸው ጉዳት መቶ በመቶ ተመዝነዋል፤ ወርኃዊ ክፍያቸውም እኩል ነው (በ2025 ተመን ጥገኛ ለሌለው ሰው እንኳ ከ3,800 ዶላር ይበልጣል)። የአንደኛው ደብዳቤ ጉዳቱን «ሙሉና ቋሚ» ይለዋል፤ የሁለተኛው ግን አይለውም። በዚህች ሐረግ ምክንያት የአንደኛው ባለቤትና ልጆች፣ ሌላ ወታደራዊ የጤና መድን ከሌላቸው፣ በቻምፕቪኤ ይታከማሉ፤ «ምዕራፍ 35» የሚባለውን የትምህርት ድጎማም ያገኛሉ። የሁለተኛው ቤተሰብ ከሁለቱም ውጭ ነው።

ልዩነቱ ሁልጊዜ ከሕመሙ የመጣ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርሁ ነበር። የፌዴራሉ ደንብ፣ ርእስ 38 ክፍል 3.327፣ ሕመሙ ያለ ጉልህ መሻሻል አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ በየጊዜው ምርመራ እንዳይታዘዝ ይላል። ክፍል 3.343 ደግሞ ግልጽ ስሕተት ካልተገኘ ወይም ጉልህ መሻሻል በምርመራ ካልታየ በቀር የመቶ በመቶ ምዘና ዝቅ እንዳይል ይከለክላል። ስለዚህ መሻሻልን የማስረዳት ሸክም የመንግሥት ነው። ታዲያ ደብዳቤው ዝም ሲል፣ «ቋሚ» ለመባል የመከራከር ሸክም በታመመው ሰው ላይ የሚወድቀው በምን ሒሳብ ነው?

ወጪ ይጨምራል የሚሉ አሉ። ይጨምራል፤ አልክድም። ነገር ግን ያ ወጪ ዛሬም አለ፤ ከሥራዋ ቀርታ ባሏን የምታስታምመው ሚስት ትከፍለዋለች። ከመንግሥት መዝገብ የጠፋ ወጪ ሁሉ ቁጠባ አይደለም። ሕመም ሊሻሻል ይችላል የሚለው ሙግት ይሻላል፤ በተለይ ለአእምሮ ሕመም። ለእንዲህ ያለው ሰው ቀን ይቆረጥለት፣ ምክንያቱም ይጻፍለት። ቀንም ምክንያትም የሌለው ጥርጣሬ ግን ክፉ ማበረታቻ ነው፦ የቤተሰቡ እንጀራ በሚቀጥለው ምርመራ ላይ የተንጠለጠለ ሰው መዳኑን ራሱ ይፈራዋል።

ነገሩ የእኛንም ቤት ያንኳኳል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2016 የውጭ ዜጎችን በቋንቋ ችሎታቸው ወደ አሜሪካ ጦር በመለመለው ማቭኒ በተባለው መርሐ ግብር ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ከመካከላቸው ተጎድቶ የወጣ ሰው ደጅ ጥናትን ከአባቶቹ ያውቀዋል፤ ይሉኝታውም አብሮት ተሰድዷል። «ፋይሌን ቢከፍቱት ያለኝንም እንዳላጣ» ብሎ ዝም ቢል ፈሪ አይባልም። ዝምታን የሚያተርፍ ያደረገው አሠራሩ ነው።

የምጠይቀው አንድ ለውጥ ነው። የመቶ በመቶ ምዘና ያለ መሻሻል አምስት ዓመት ሲሞላው ማንም ሳይጠይቅ «ቋሚ» ይባል፤ መሥሪያ ቤቱ እምቢ ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ። እስከዚያው ደብዳቤያችሁን አውጥታችሁ ስለ ወደፊት ምርመራና ስለ ምዕራፍ 35 የሚለውን አንብቡ። ዝም ካለም ጥያቄውን ከማስገባታችሁ በፊት በነፃ ለሚያገለግል፣ ዕውቅና ላለው የወታደሮች ማኅበር ተወካይ ፋይሉን አሳዩት።