ትእዛዝን አጥርቶ ስለ ማንበብ

በውል ላይ የምትጎድል አንዲት ቃል ነጋዴን ምን ያህል እንደምታስከፍለው ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ባንክ በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚከፍለው ዕቃውን አይቶ ሳይሆን ሰነዱን መርምሮ ነው፤ ሰነዱ ከተጻፈው ቃል ጋር ካልተስማማ፣ ዕቃው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን አልከፍልም ለማለት መብት አለው። ይኸው ሥርዐት ንግድ ቤቶቻችንን በሚጠብቀው በኮምፒዩተር ሙያም ውስጥ መኖሩን በቅርቡ ስለ ተረዳሁ፣ ያየሁትን ለአንባብያን ላካፍል ወደድሁ።

የኔትወርክ ባለሙያ የሆነው የእኅቴ ልጅ፣ ሲስኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ላቋቋመው የሲ.ሲ.አይ.ኢ. ምስክር ወረቀት በደኅንነት ክፍል ለመፈተን ይዘጋጃል። የተግባር ፈተናው 8 ሰዓት የሚፈጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ደንብ መሠረት 3ቱ ሰዓት ለንድፍ፣ 5ቱ ደግሞ መሣሪያዎቹን ለማዋቀርና ለማስተካከል የተመደቡ ናቸው። ተፈታኞች የፈተናውን ምስጢር ለመጠበቅ ስለሚፈርሙ፣ ከዚህ በታች የምጠቅሰው እርሱ ለልምምድ በቤቱ ያዘጋጃቸውን ጥያቄዎች ነው። አንድ ማታ «እትዬ፣ እርስዎ የውል ቃል ያውቃሉና ይህን ያንብቡልኝ» ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ።

ፋየርዎል ማለት በውስጡ ኔትወርክና በውጭው ዓለም መካከል ቆሞ ገቢና ወጪውን የሚቆጣጠር ዘበኛ ነው። ኤ.ኤስ.ኤ. በሚባለው የሲስኮ ፋየርዎል ለእያንዳንዱ በር ከ0 እስከ 100 ደረጃ ይሰጣል፤ የውስጡ በር እንደ ልማዱ 100፣ የውጭው 0 ነው። ሌላ ሕግ ካልተጻፈ በቀር፣ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው መውጣት የተፈቀደ፣ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው መግባት የተከለከለ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «በውስጥ ያሉ ሠራተኞች የውጭውን ኮምፒዩተር በፒንግ መጠየቅ ይቻላቸው» ይላል። ፒንግ ማለት አንዱ ኮምፒዩተር ሌላውን «አለህን?» ብሎ ጠይቆ «አለሁ» የሚል መልስ የሚቀበልበት መንገድ ነው። ነገር ግን ይህ ፋየርዎል ካልታዘዘ በቀር የፒንግን ጥያቄ አይመዘግብም፤ ስለዚህ ጥያቄው ይወጣል፣ መልሱ ግን ከውጭው በር ይመለሳል። ልጁ ይህን አይቶ በውጭው በር ላይ ለፒንግ ሁሉ ፈቃድ ጻፈ። ሞከረው፤ መልሱ መጣ፤ ደስም አለው። እኔ ግን «ትእዛዙ የውጭ ሰዎች እኛን ይጠይቁን ይላልን?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ትክክለኛው መፍትሔ ፋየርዎሉ ፒንግን እንዲከታተል ማዘዝ ነበር፤ ያን ጊዜ ማን እንደ ጠየቀ መዝግቦ የእርሱን መልስ ብቻ ያስገባል። ሁለቱም መንገዶች ከውስጥ ሲሞከሩ አንድ ዐይነት ውጤት ያሳያሉ፤ ለታዘዘው ቃል የታመነው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው «ከመጋዘኑ ኮምፒዩተሮች አንዱ ብቻ ወደ ሒሳቡ ሰርቨር ይግባ፤ የቀድሞው የክልከላ ሕግ አይሰረዝ» የሚል ነበር። ፋየርዎል ሕጎቹን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ መጀመሪያ የገጠመው ሕግ ይፈርዳል፣ ከበታቹ ያለው አይታይም። ልጁ «አይሰረዝ» የሚለውን ፈርቶ አዲሱን ፈቃድ ከክልከላው በታች ስለ ጻፈው፣ ፈቃዱ ከቶ አልሠራም። አይሰረዝ ማለት ግን ከበላዩ አይጻፍ ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ጥያቄ ከታዘዘው አለፈ፤ በሁለተኛው ያልተከለከለውን ተከለከለ። የሁለቱም ስሕተት ምንጭ የሙያ ጉድለት ሳይሆን የንባብ ጉድለት ነው።

«ፈተና ሌላ፣ ሥራ ሌላ፤ በሥራ ላይ ዋናው ነገሩ መሥራቱ ነው» የሚሉ አሉ። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሠሪዬ «ቅርንጫፍ ሱቁ የሒሳቡን ሰርቨር ማየት ይቻለው» ብለው ሲያዙ፣ ትእዛዙን በስልክ ለአንድ ባለሙያ ያስተላለፍሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ሱቁ ማየት ቻለ፤ አመሰገንን፣ ከፈልንም። ከወራት በኋላ ሌላ ባለሙያ ሲመረምር፣ በሩ ለሱቁ ብቻ ሳይሆን ከኢንተርኔት ለሚመጣ ሁሉ ተከፍቶ ተገኘ። የደንበኞቻችን ዕዳና የዕቃ መግዣ ዋጋችን ያለው በዚያ ሰርቨር ነው። ማን እንዳየው እስከ ዛሬ አላወቅንም። ባለሙያው ከሚያስፈልገው በላይ መክፈቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን «ብቻ» የምትለውን ቃል ያልተናገርሁት እኔ ነበርሁ። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ለንግድ ቤቶች ባለቤቶችና ለጸሐፊዎች ይህን አሳስባለሁ። የፋየርዎል ትእዛዝ በቃል አይሰጥ፤ ማን፣ ወዴት፣ ለምን አገልግሎት፣ እስከ መቼ እንደሚገባና ምን እንዳይነካ ተለይቶ ይጻፍ። ባለሙያው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የተረዳውን በራሱ ቃል መልሶ ይንገረን። በዚያ ከባድ ፈተና እንኳ ተፈታኙ ቃሉ ካልገባው ተቆጣጣሪውን መጠየቅ ይፈቀድለታልና፣ በእኛ ቤት ጠያቂ ባለሙያ እንዳላዋቂ አይቈጠር። ሥራው ሲያልቅም ሊገባ የሚገባው መግባቱን ብቻ ሳይሆን፣ ሊገባ የማይገባው መከልከሉንም በዐይናችን ፊት ያሳየን፤ ሒሳቡም ከዚያ በኋላ ይከፈል።