የማሽኑ ዳታ ይሰጥ፤ ትርጉሙስ?

የአዋጆቻችን አንቀጽ 2 አብዛኛውን ጊዜ «ትርጓሜ» ነው። እኛ የሕግ ሰዎች ስለ መብትና ግዴታ ከመነጋገራችን በፊት በቃላት መስማማትን የምናስቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም።

የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ሕግ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆኗል። ከኔትወርክ ጋር የተገናኘ ማሽን የሚጠቀም ፋብሪካ፣ ማሽኑ የሚያመነጨውን ዳታ ለመረዳት ከሚያስፈልገው ማብራሪያ ጋር የመጠየቅ መብት አግኝቷል።

ለመሆኑ ማብራሪያው የሚጻፈው በማን ቋንቋ ነው? የሮቦቱ ሴንሰር «80» ብሎ ቢልክ የሞተሩ ሙቀት ነው ወይስ የዘይቱ? ሴልሺየስ ነው ወይስ ፋራናይት? የተመዘገበው ሰዓትስ የተለካበት ነው ወይስ ውጤቱ የወጣበት?

ይህን የሚመልሰው የጋራ የትርጉም ሥርዓት ኦንቶሎጂ ይባላል። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ያጸደቀው የሴንሰር ኦንቶሎጂ መለኪያውን፣ የሚለካውን ነገር፣ ባሕርዩን፣ ውጤቱንና ጊዜውን ለየብቻ ይሰይማል። አይ ትሪፕል ኢም በ2015 ለሮቦቶች የራሱን ደረጃ አውጥቷል።

ችግሩ ደረጃዎቹ በፈቃደኝነት የሚሠራባቸው መሆናቸው ነው። ሻጩ በራሱ ስያሜ ከጻፈ፣ ሌላ የጥገና ባለሙያ የሚቀጥር ገዢ ስያሜውን አንድ በአንድ ማስፈታት ይኖርበታል። ወጪው ሲከብደው ተመልሶ የሻጩን ደጅ ይጠናል፤ መብቱም ወረቀት ላይ ይቀራል።

ማሽን ከውጭ ለሚያስገቡ የእኛ ፋብሪካዎች ደግሞ የአውሮፓው ሕግ አይደርስላቸውም። ያላቸው ውላቸው ብቻ ነው። በበኩሌ ዳታው በየትኛው ኦንቶሎጂ እንደሚገለጽ ከመፈረማቸው በፊት በውሉ እንዲያስገቡ እመክራለሁ። በፍርድ ቤትም ሆነ በፋብሪካ፣ ክርክሩን የሚመራው ቃሉን የተረጎመው ወገን ነውና።