የሰዓት ቍጥርና የማሳረፍ ቍጥር

ባለፈው እሑድ በአንድ ወዳጄ ቤት ለምሳ ተጠርቼ ሳለሁ፣ የአክስትና የአጎት ልጆች የሆኑ ሁለት አውሮፕላን አብራሪዎች በገበታው ዙሪያ አገኘሁ። ታላቁ በአጭር መስመር በሚመላለስ አነስተኛ አውሮፕላን ላይ ካፒቴን ነው፤ ታናሹ ደግሞ ውቅያኖስ በሚሻገር ትልቅ አውሮፕላን ላይ ረዳት አብራሪ ነው። ቡናው ሲቀዳ የቤቱ እመቤት በየዋህነት፣ «ትልቁን አውሮፕላን በካፒቴንነት መጀመሪያ የሚይዘው ከሁለታችሁ ማነው?» ብለው ጠየቁ። በአቦል የተነሣው ክርክር በረካ እስኪደርስ አላለቀም።

ታናሹ፣ «ወንድም ጋሼ፣ አይቈጡኝና በሰዓት ቍጥር እኔ ቀድሜዎታለሁ» አለ።

ታላቁም፣ «ሰዓቱስ ይሁን፤ አውሮፕላኑን በገዛ እጅህ ያሳረፍኸው ግን ስንት ጊዜ ነው?» ብሎ መለሰለት። ታናሹ ፈገግ ብሎ ዝም አለ።

ይህ ጥያቄ በየትኛውም አገር አየር መንገድ የሚነሣ ነው። ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ አብራሪዎች «ሰዓት» የሚሉትን ማወቅ ያስፈልጋል። የበረራ ሰዓት የሚቈጠረው አውሮፕላኑ ለመብረር ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ ጀምሮ፣ በረራውን ጨርሶ እስኪቆም ድረስ ነው። መንገደኛ ሲወርድና ሲሳፈር፣ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ጭጋግ እስኪገለጥ ሲጠበቅ የሚያልፈው ጊዜ ከመዝገብ አይገባም። ስለዚህ በቀን አራት ጊዜ የአንድ ሰዓት መንገድ የሚበር ሰው ከማለዳ እስከ ማታ ደክሞ ሳለ የሚጻፍለት አራት ሰዓት ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል እናስላው። ይህ ሰው በወር 16 ቀን ቢሠራ 64 ሰዓት ይመዘገብለታል፤ አውሮፕላኑም 64 ጊዜ ያርፋል፤ ከረዳቱ ጋር እኩል ቢካፈል እንኳ ለእርሱ 32 ጊዜ ይደርሰዋል። የረዥሙ መስመር ባልደረባው እያንዳንዱ 13 ሰዓት የሚፈጅ 6 በረራ ቢያደርግ 78 ሰዓት ያገኛል። ነገር ግን በእንዲህ ያለው መንገድ አራት አብራሪዎች እየተፈራረቁ ስለሚሠሩና ከፊሎቹ በአልጋ ስለሚያርፉ፣ ከስድስቱ ማረፍ ለአንዱ ሰው የሚደርሰው አንድ ወይም ሁለት ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን ድርጅት አንድ ካፒቴን ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ማስነሣትና ማሳረፍ እንዳለበት ይደነግጋል። ይህን በበረራ ማሟላት ያልቻለ የረዥም መስመር አብራሪ ወደ ሲሙሌተር ገብቶ ያሟላል። ለአጭር መስመር አብራሪ ግን ሦስት ማረፍ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ሆኖም በታናሹም ላይ መፍረድ አይገባም። ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን ውቅያኖስ ሲሻገር፣ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በሌላው ብቻ የሚደርስበት ማረፊያ ዘወትር ሊታሰብ ይገባዋል። በእኩለ ሌሊት፣ አካል እንቅልፍ በሚሻበት ሰዓት፣ የሩቅ አገር የአየር ጠባይና የቀረውን ነዳጅ አመዛዝኖ መወሰን ቀላል ዕውቀት አይደለም። በአንጻሩ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ደጋ ላይ፣ እንደ መቀሌ ባለ ሥፍራ፣ ስስ አየር የሞተሩን ኃይል ሲቀንስና አውሮፕላኑ በበለጠ ፍጥነት ወደ ማኮብኮቢያው ሲወርድ የሚገኘው ጥበብ በውቅያኖስ ላይ አይገኝም።

ቀድሞ ይህ ልዩነት እምብዛም አልነበረም። በ1946 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በሲ-47 አውሮፕላን ነበር፤ ያው ዓይነት አውሮፕላን ለአገር ውስጥም ያገለግል ነበር። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአውሮፕላን አዛዥ ሲሆኑ የበረሩትም በዚሁ ነበር። በ1962 መጨረሻ ቦይንግ 720 ጄቶች ከመጡ ወዲህ ግን የሩቁና የቅርቡ መንገድ በመሣሪያም በሙያም እየተራራቀ ሄደ።

በአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች አብራሪ ለትልቁ አውሮፕላንም ሆነ ለካፒቴንነት ተራ የሚያገኘው በተቀጠረበት ቀን ቅደም ተከተል ነው። ይህ ደንብ ጎበዙንና ሰነፉን እኩል ያስኬዳል ተብሎ ይነቀፋል፤ እኔ ግን አማላጅ የማይገባበት መሆኑን እወድለታለሁ። ባገለገልሁበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ዘጠኝ ዓመት በወረዳ የደከመ ጸሐፊ ቀርቶ፣ ጠረጴዛው ከአለቃው በር አጠገብ የነበረው ሲሾም አይቻለሁ። የወረዳው ሰው ጥፋቱ ሩቅ መሆኑ ብቻ ነበር።

እንደ እኔ አሳብ ከሆነ፣ ለፈተና የመጠራት ተራ በቅጥር ዘመን ይሁን፤ በፈተናው ግን ከሰዓቱ ጎን የማሳረፍ ቍጥር ይቈጠር፤ መስፈርቱም ከምደባው በፊት ለሁሉም በጽሑፍ ይታወቅ። አብራሪው በየትኛው መስመር እንደሚመደብ ብዙ ጊዜ የሚወስነው እርሱ ስላልሆነ፣ ባልመረጠው ነገር ወደ ኋላ ሊቀር አይገባውም።

የታላቁ ቅሬታ ግን ከዚህም ይጠልቅ ነበር። ወደ ትልቁ አውሮፕላን ቢሻገር መጀመሪያ ረዳት ሆኖ መጀመር ይኖርበታል። «በትከሻዬ ላይ ካሉት አራት መስመሮች አንዱ ሲወርድ ልጆቼ ምን አጠፋህ ብለው ይጠይቁኛል» አለ። በገበታው ላይ መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም፤ እኔም አልነበረኝም።

በረካው ሳይቀዳ ታላቁ ለመሄድ ተነሣ። ታናሹ እስከ ረቡዕ ዕረፍት ነበረው፤ እርሱም እስከ በር ሸኝቶት፣ «ነገ ስንት ጊዜ ያሳርፋሉ ወንድም ጋሼ?» ብሎ ጠየቀው።

«አራት በረራ አለኝ» አለ ታላቁ ኮቱን እየደረበ። «ሁለቱን የሚያሳርፈው ግን ረዳቴ ነው።»