የአባዬ ቮልስ መስኮት

 

እንደምታውቁት እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሰው አሮጌውን ትቶ አዲሱን እንዲገዛ ማግባባት ነው ሥራዬ። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ገጠመኝ ነው።

ፋሲካን ያሳለፍኩት ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ ከወላጆቼ ጋር ነበር። አባዬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ግቢው ውስጥ የ1972 ሞዴል ቮልስዋገን አለችው። እኔና ወንድሞቼ ያደግነው በእሷ የኋላ ወንበር ላይ ነው።

የቮልስን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ንድፏን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሸ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣችው የመጀመሪያዋ የፖርሸ ስፖርት መኪናም የተሠራችው ከቮልስ ዕቃዎች ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ከተመረቱ በኋላ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ከፋብሪካ ወጣች።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ከስድስት ወር በፊት እማዬ በምትቀመጥበት በኩል ያለው የበር መስታወት በሩ ውስጥ ወደቀ። አባዬ በእጁ ጎትቶ አወጣውና በእንጨትና በካርቶን ወጥሮ አቆመው። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ አይከፈትም። የመርሳን ሙቀት የምታውቁ ትረዱኛላችሁ፤ ቮልስ ደግሞ ኤሲ የላትም። እማዬ አስም አለባት። ለሕክምና ቀጠሮዋ ወልድያ ስትሄድ፣ በሲሪንቃ አድርጎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ታፍና መቀመጥ ስላልቻለች በሚኒባስ ተጋፍታ መሄድ ጀመረች። ቮልሷም ሸራ ለብሳ ቆመች።

በዚህ መሃል ገዢ መጣ። መጀመሪያ የነካው ያንን መስኮት ነው፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ አወረደው። እኔም የተማርኩትን ሒሳብ ሠርቼ “አባዬ፣ ሽጣትና እንገላገል” አልኩት። ዝም አለ። እማዬ ግን “ከመሸጣችሁ በፊት በሩን ከፍታችሁ እዩት እንጂ” አለች።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ፣ አባዬና የስምንት ዓመት ልጄ ሥራውን ጀመርን። እቤታችሁ አሮጌ መኪና ካለ ይጠቅማችኋልና እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ የመስታወቱን ማዞሪያ እጀታ ፈታን። በአባዬ ሞዴል ላይ የእጀታውን የፕላስቲክ ሽፋን ስታነሱ ከሥሩ አንድ ብሎን ታገኛላችሁ፤ በባለ መስቀል ካቻቪቴ ይፈታል። ቀጥሎ የክንድ ማሳረፊያውን አወጣን። የበሩን የውስጥ ልባስ የያዙት ዙሪያውን ያሉ ክሊፖች ስለሆኑ፣ በጠፍጣፋ ነገር አንድ በአንድ ቀስ እያሉ ማላቀቅ ነው። ከልባሱ ጀርባ ውኃ የሚከላከል ፕላስቲክ ካለ አትቅደዱት፤ መልሳችሁ ትለጥፉታላችሁ።

ጥፋቱ ወዲያው ታየን። መስታወቱ ከሥሩ የሚቀመጠው ቦይ በመሰለ ብረት ላይ ነው። በመስታወቱና በብረቱ መካከል ጎማ አለ። ብረቱ ደግሞ በሁለት ብሎኖች ከማንሻው ጋር ይታሰራል። የእኛ ጎማ ደርቆ ተፈርፍሯል፤ አንዱ ብሎን ላልቷል፤ ሌላው በሩ ውስጥ ወድቋል። ማንሻው ራሱ ደህና ነበር። የማንሻው ገመድ ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ መለወጥ ስለሚያስፈልገው ወደ ጋራዥ እንወስዳት ነበር።

ልጄ መስታወቱን ከላይ ያዘች፤ እንዳይንሸራተትም በፕላስተር ከበሩ ጋር አጣበቅነው። የብረቱን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ጠረግን። ለጎማው ምትክ ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጠን በሳሙና ውኃ አራስነውና መስታወቱን ብረቱ ውስጥ ገፍተን አስገባነው። መስታወቱን በመዶሻ አትምቱት፤ ጠርዙ ከተመታ በአንድ ጊዜ ይረግፋል። የበሩ የውስጥ ላሜራም እጅ ስለሚቆርጥ ጓንት አድርጉ።

ብሎኖቹን ወዲያው አላጠበቅናቸውም። መጀመሪያ ላላ አድርገን አሰርን፣ መስታወቱን እስከ ላይ አወጣነው፣ ትክክለኛ ቦታውን ሲይዝ በ10 ቁጥር ቁልፍ አጠበቅን። ይህን ካልጠበቃችሁ መስታወቱ ጠምሞ ይነክሳል።

ብሎኑን ለማስገባት የሞከረው መጀመሪያ አባዬ ነበር። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ብሎኑ ሦስት ጊዜ ወደቀ። በአራተኛው “እንቺ ልጄ፣ አንቺ አስገቢው” አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ስድስት ወር ሙሉ ያልሠራው ሰንፎ አልነበረም። የእጁን ነገር ለማንም መናገር ስላልፈለገ ነው። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ስደውል የምጠይቀው “ደህና ናችሁ?” ብዬ ነው፤ “ደህና ነን” ሲለኝ እዘጋለሁ።

ብሎኑን እኔ አስገባሁ። አባዬ ባትሪ እያበራ “ወደ ግራ፣ አብሽሪ፣ ደረሰ” እያለ መራኝ። ከቀትር በፊት መስኮቱ ወጣ፣ ወረደ። ለአንድ ሳንቲም የማይበቃ ጎማና ሁለት ብሎን ነበር መኪናዋን ሊያሸጣት የነበረው።

በሳምንቱ እማዬ ለቀጠሮዋ ወልድያ የሄደችው በቮልሷ ነው፤ መስኮቱን ከፍታ። የነዳው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ አባዬ ከኋላ ተቀመጠ። ስለ እጁም ሐኪም እንዲያየው በዚያው ቀን ተስማማን።

አንድ ምክር ልጨምርና ላብቃ። ክረምት ከመግባቱ በፊት የመኪናችሁን በሮች የታችኛውን ጠርዝ እዩ። ውኃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ በጭቃ ከተደፈኑ ውኃው ውስጥ ይቀርና በሩን ያዝገዋል። በቀጭን ሽቦ ክፈቷቸው። ወላጆቻችሁ ቤት ስትሄዱም ተወጥሮ የቆመ፣ በገመድ የታሰረ ነገር ካያችሁ ለምን እንዳልተጠገነ ጠይቁ። መልሱ ስለ ዕቃው ላይሆን ይችላል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!