እበትና ፈርስ ይገናኙ

ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ የወተት ላም በረት፣ የዶሮ እርባታ፣ ቄራና ቆዳ ፋብሪካ ተጠጋግተው ይኖራሉ። ተረፋቸው ግን አይተዋወቅም። እበቱ ለኩበት ይደርቃል፣ የዶሮው ኩስ ይከመራል፣ የቄራው ደምና ፈርስ ይሸታል። እኛ በአንድ ማብላያ ገብተው ጋዝና ማዳበሪያ ይሁኑ እንላለን።

የሚያስቆጨን፣ የአንዱን ጉድለት የሚሞላው ሌላው መሆኑ ነው። ጋዙን የሚሠሩት ረቂቅ ሕዋሳት ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ20 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ ይስማማቸዋል። የዶሮ ኩስ ናይትሮጅን ይበዛበታል፤ ብቻውን ሲገባ አሞኒያው ያፍናቸዋል። የጤፍ ጭድ በተቃራኒው ካርቦኑ ብዙ፣ ናይትሮጅኑ ጥቂት ነው። የቄራ ስብ ብዙ ጋዝ ይሰጣል፤ ከልክ ካለፈ ግን ማብላያውን ያኮመጥጠዋል። እበት በጋዝ ከስብ ቢያንስም ሕዋሳቱን ከከብቱ ሆድ ይዞ ይመጣል፣ ኮምጣጣነቱንም ያበርዳል። የድብልቁ መሠረት እበት ነው፤ ባለ እበቱ ገበሬም የማብላያው ባለቤት መሆን አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ብዙ እናቶችን ከጭስ ገላግሏል፤ እናከብረዋለን። የጓሮ ማብላያ ግን በቤቱ ከብት ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ላሟ ስትሸጥ ምድጃው ይጠፋል። በዴንማርክ ሌምቪግ እ.ኤ.አ. በ1992 ሥራ የጀመረው ማብላያ የብዙ ገበሬዎችን ፍግ ከፋብሪካ ተረፈ ምርት ጋር ይቀበላል፤ ባለቤቶቹም ገበሬዎች ናቸው። እኛም ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ ባለው መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ማብላያ እንፈልጋለን።

ሁሉን ግን አናስገባም። ክሮም ያለበት የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ከበር ይመለሳል፤ ክሮም በማብላያ አይጠፋም፣ ተብላልቶ ከሚወጣው ፈሳሽ ማዳበሪያ፣ ከባዮስለሪው ጋር ማሳ ላይ ይወርዳል። የቄራ ተረፈ ምርትም ሳይፈጭና በ70 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ሳይሞቅ አይገባም። ወጪው ይበዛል ለሚሉን፣ በሽታ ጤፍ ማሳ ላይ ከመበተን ይሻላል እንላቸዋለን።

አዲስ ቄራ ወይም ዶሮ እርባታ ፈቃድ ሲጠይቅ ተረፈ ምርቱ የሚብላላበትን ቦታ ያሳይ። ባዮስለሪው እበት ላቀረበው ገበሬ በነፃ ይመለስ። ገበሬው የማብላያውን ድርሻ በብር ብቻ ሳይሆን በእበትም መግዛት ይቻለው፤ እበቱ በባልዲ ሳይሆን በውስጡ ባለው ደረቅ ነገር ይመዘን፤ ውሃ ያበዛ ንጹሑን ካመጣው እኩል አይታሰብለት።