በጉንፋን ጊዜ ስለሚብሰው የነርቭ ሕመም
የስኳር በሽታ ነርቩን የጎዳበት ሰው ጉንፋን በያዘው ሰሞን እግሩን ከወትሮው ይልቅ ሲያቃጥለው መድኃኒቱን ይከስሳል፤ አንዳንዱም ይተወዋል። እኛ ግን ተከሳሹ ሌላ ነው እንላለን። ሰውነት ከጉንፋን ጋር ሲታገል የሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች ትኩሳትን ከማምጣታቸውም በላይ ሕመምን የሚያስተላልፉትን ነርቮች ያስቆጣሉ፤ አስቀድሞ የተጎዳ ነርቭ ደግሞ ለመቆጣት ጥቂት ይበቃዋል። ዳማ ከሴ ስለ መጠጣቱ አንጣላም። የሚያሳስበን ኢንሱሊኑ ነው። ሕመም በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ስለሚያደርግ፣ «እህል አልቀመስሁም» ብሎ መርፌውን ያቋረጠ ሰው ነርቩን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም ለአደጋ ይሰጣል። ስኳሩን ደጋግሞ ይለካ፤ ስለ መጠኑም ሐኪሙን ይጠይቅ። ጉንፋኑ ሲለቅ ማቃጠሉም ብዙውን ጊዜ ይበርዳል፤ እግሩ አልታዘዝ ያለው ወይም ሽንቱ የታገደበት ሰው ግን ይህን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይድረስ።